ሐምሌን ተዉት፣ ሰኔን ጠይቁ

(ለወላጆችና ለመምህራን በአንድ ስብሰባ ላይ ያቀረብኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች በመጠኑ አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ።

ስለ መምህራን ክረምት ተናገር ስትሉኝ መጀመሪያ የጠየቅኩት "ለማን ልሟገት ነው የምጠራው?" ብዬ ነው። አሁን ሳያችሁ ግማሻችሁ ወላጅ፣ ግማሻችሁ መምህር ናችሁ። ሁላችሁም በሆዳችሁ የያዛችሁት ነገር አለ። ወላጁ "ሁለት ወር ሙሉ ተኝተው ደመወዝ ይበላሉ" ይላል። መምህሩ ደግሞ "ዓመቱን ሙሉ ልጅህን ችዬ፣ ሁለት ወር ትቆጥርብኛለህ?" ይላል። ፊት ለፊት ግን አይባባሉም። አንዱ ታክሲ ውስጥ ይላል፣ ሌላው ስታፍ ውስጥ። ዛሬ እዚሁ እንባባልና ይውጣልን።

እኔ ፀጉሬ እስኪሸብት ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ልጆችም አሳድጌያለሁ። ስለዚህ ሁለቱንም ወገን ማማት እችላለሁ።

በመጀመሪያ፣ ይህ ቅናት ከየት መጣ? ብዙዎች ከዕረፍቱ ርዝመት ይመስላቸዋል። እኔ ከመታየቱ ነው እላለሁ። ባንክ ቤት የምትሠራው ጎረቤታችሁ ፈቃድ ስትወጣ መስኮቱ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል። እናንተ ብራችሁን ታወጣላችሁ፣ ትሄዳላችሁ። ማን እንዳረፈ አታውቁም። ትምህርት ቤት ግን በሩ ይቆለፋል። ጥበቃው ብቻውን ጃኬቱን ደርቦ ቁጭ ይላል። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያያል። ሁሉም መምህር በአንድ ቀን ያርፋል፣ በአንድ ቀን ይመለሳል። እንዲህ በጅምላ የሚያርፍ ሌላ ሙያ ብዙ የለንም። የፍርድ ቤት ሰዎችም ክረምት ላይ ይዘጋሉ፤ ግን እነሱን የሚናገር ደፋር ከየት ይገኛል?

እስቲ እንቁጠር።

ተማሪው ሰኔ ማለቂያ ላይ ካርዱን ይዞ ይወጣል። መስከረም ላይ ይመለሳል። ለእሱ ክረምቱ አሥር ሳምንት ገደማ ነው፣ አንዳንዴም ያልፋል። ሰው አፉን ሞልቶ የሚናገረው ይህን ቁጥር ነው። የመምህሩ ግን ከዚህ ያንሳል። ተማሪው ከሄደ በኋላ መጽሐፍ ማስረከብ አለ፣ ክሊራንስ አለ፣ የዓመቱ ግምገማ አለ። ነሐሴ ሲጋመስ ደግሞ ምዝገባ ይመጣል። ከዚያ ዓመታዊ ዕቅድ፣ የክፍለ ጊዜ ድልድል፣ ስብሰባ። እንደየ ትምህርት ቤቱ ይለያያል እንጂ መምህሩ እጅ ላይ የሚቀረው ስድስት ወይም ሰባት ሳምንት ነው ብንል ብዙ አንስትም።

አሁን ወደ ቢሮ ሠራተኛው እንምጣ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ፣ ማለትም ቁጥር 1064፣ ለአንድ ዓመት አገልግሎት 20 የሥራ ቀን ፈቃድ ሰጠ። ከዚያ በየዓመቱ አንድ ቀን ይጨመር ነበር፤ ጣሪያው 30 ነበር። ሠላሳ የሥራ ቀን፣ ቅዳሜና እሑድ ሳይቆጠር፣ ድፍን ስድስት ሳምንት ነው። እንግዲህ አሥራ ምናምን ዓመት ያገለገለ የቢሮ ሰውና መምህሩ ልዩነታቸው ይህን ያህል ነው። አዳራሹ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኞች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ፊታችሁን እያየሁ ነው።

የግል ድርጅት ሠራተኛው ግን የምሩን ሊቀና ይችላል። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156፣ በ16 የሥራ ቀን ይጀምርና በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምርለታል። እሱ ቢያማን አልፈርድበትም።

ሌላም ነገር አለ። የቢሮ ሠራተኛ ፈቃዱን ሲፈልግ ይወስዳል። አሥር ቀን ለጥምቀት፣ አምስት ቀን ለቤት ጥገና፣ የቀረውን ለክፉ ቀን። መምህሩ ይህ የለውም። ሠርግ ደግሞ በጥር ነው! የእህቱ ሠርግ ጎጃም ላይ ከሆነ፣ ዓርብ ከሰዓት ያለውን ክፍለ ጊዜ ለጓደኛው አስይዞ መናኸሪያ ይሮጣል። ሙሽሪትን ለፎቶ ያህል ያያታል። ሰኞ ጠዋት ለሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ይደርሳል፤ ዓይኑ ቀልቶ። ሐምሌ ላይ ሁለት ወር ዕረፍት አለው፣ እውነት ነው። ሐምሌ ላይ ማን ይዳራል?

ከመምህራኑ ወገን ሳቅ እየሰማሁ ነው። ቆዩ፣ ወደ እናንተም እመጣለሁ።

ያ ስድስትና ሰባት ሳምንት ራሱ የት ይሄዳል? ብዙ ወላጆች የማያዩት ይህን ነው።

ክረምት ላይ አንድ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ብትሄዱ፣ ባሕር ዳር ይሁን ዲላ ወይም ሐረማያ፣ መደበኛ ተማሪዎቹ ወጥተው ዶርሙ በሌላ ሰው ተሞልቶ ታገኛላችሁ። የክረምት ተማሪ ይባላል። አርባ ዓመት ያለፈው ሰው ተደራራቢ አልጋው ላይ ተንጠላጥሎ ይወጣል። ጉልበቱ ይንቋቋል። ብርድ ልብሱን ከቤቱ ተሸክሞ ነው የመጣው። አልጋው ብረት ላይ ካልሲ ተሰጥቷል፤ ሳምንት ቢቆይም አይደርቅም፣ ነሐሴ ነዋ። ጠዋት የልጁ እኩያ የሆነ ሌክቸረር ያስተምረዋል። ማታ ፎቶ ኮፒ የተደረገ ሃንዳውት ላይ አፍጥጦ ያድራል። የሴሚስተሩ ትምህርት በጥቂት ሳምንት ታጭቆ ነው የሚሰጠው፤ ፈተናው በፈተና ላይ ይደራረባል። ስልኩ ይጮኻል፤ ሚስቱ ናት። "ጣራው ያፈሳል፣ ማን ይሥራው?" ትላለች። "ስመጣ" ይላል።

ይህ የአንድ ዓመት ነገር አይደለም። ብዙ የአንደኛ ደረጃ መምህራን በሰርተፍኬት ሥራ ጀመሩ። ዲፕሎማ ካልያዛችሁ ተባሉ፣ በክረምት ተማሩ። ዲፕሎማውን ሲይዙ ዲግሪ ተባለ። እሱንም በክረምት። ሁለተኛ ደረጃ የሚያስተምረው ደግሞ ከዲግሪው በኋላ የማስተማር ሥነ ዘዴ ይጎድልሃል ተብሎ ፒጂዲቲ የሚባል የማስተማር ዲፕሎማ መጣለት፤ እሱም ክረምት አለው። ቅርብ ጊዜ፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ትምህርት ሚኒስቴር በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ መምህራንንና ርእሳነ መምህራንን ክረምት ላይ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ አሠልጥኗል። ሥልጠናውን አልነቅፍም፣ ያስፈልጋል። በኢሕአዴግ ጊዜ ከነበረው የፖሊሲ ሥልጠና ይሻላል፤ ቢያንስ ስለ ሒሳብና ስለ እንግሊዝኛ ነው። የምለው፣ እባካችሁ ያንን ዕረፍት ብላችሁ አትቁጠሩት።

ሌላ መምህር ደግሞ ፈታኝ ሆኖ ይሄዳል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2015 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው የሚሰጠው። ፈታኙ ከሩቅ ይመጣል። አበል አለው፣ ፈልጎትም የሚሄድ አለ፣ ይህንን አልደብቅም። ሌላው ደግሞ ሐምሌን በዝውውር ጉዳይ ከወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ወደ ዞን ሲመላለስ ያሳልፋል። ባል አንድ ወረዳ፣ ሚስት ሌላ ወረዳ የሚያስተምሩ ስንት አሉ። ለእነሱ ክረምት ማለት የዝውውር ስም ዝርዝር የሚለጠፍበት ጊዜ ነው።

የግል ትምህርት ቤት መምህሩን ነገር ለብቻው ላንሳው። እዚህ ከተማ ውስጥ የአሥር ወር ውል የሚያስፈርሙ ትምህርት ቤቶች አሉ። ሰኔ ላይ "መልካም ክረምት" ይባላል፣ ደመወዝም አብሮ ይሰናበታል። ሐምሌና ነሐሴ ባዶ ናቸው። መምህሩ ለአንድ ቤት አስጠኚ ይሆናል፣ ለሌላው ይሯሯጣል፣ የዘመድ ሱቅ ይጠብቃል። መስከረም ላይ ውሉ ይታደስ አይታደስ እንኳን አያውቅም። እንግዲህ "ተኝተው ደመወዝ ይበላሉ" ስትሉ እሱም እየሰማ ነው። ምሳውን ያልበላ ሰው ነው የምታሙት።

ስብሰባው እዚህ ላይ ቢያበቃ መምህራኑ በጭብጨባ ይሸኙኝ ነበር። ግን ወላጁም እውነት አለው።

ሐምሌ ላይ አንድ የኮንዶሚኒየም ቤት አስቡ። አንድ መኝታ ቤት፣ ሦስት ልጆች። አባት ጠዋት ይወጣል፣ እናት ጠዋት ትወጣለች። ውጪ ዝናብ ነው። ግቢው ውስጥ መኪና ቆሞበታል፣ ኳስ መጫወቻ የለም። ሠራተኛዋ ራሷ ገና ልጅ ናት። ቀኑን ሙሉ የቀረው ስልክና ቴሌቪዥን ነው። ወላጁ ማታ ሲመጣ ትልቁ ልጅ ቲክቶክ ላይ ነው፣ ትንሹ አልቅሶ ተኝቷል፣ መካከለኛው የጎረቤት መስታወት ሰብሯል። ይህ ወላጅ "የክረምት ማጠናከሪያ" ሲባል ያለ የሌለውን ይከፍላል። ልጁ እንዲማርለት ብቻ አይደለም፤ የሚውልበት ቦታ እንዲያገኝለት ነው። ይህንን ለማንም አይናገርም፣ ግን ነው።

ትምህርት ቤት ለወላጁ ልጅ የሚማርበት ብቻ ሳይሆን ልጅ የሚጠበቅበት ቦታም ነው። በኮቪድ ጊዜ አላየነውም? መጋቢት 2012 ትምህርት ቤት ተዘጋ። እስከ ጥቅምት 2013 ድረስ ልጆች ቤት ዋሉ። ያኔ "ለካ መምህር እንዴት ይችላቸዋል" ያላለ ወላጅ አልነበረም። ትዝታው ግን ቶሎ ጠፋ። አሁን ተመልሰን ቀን ቆጠራ ላይ ነን።

የልጆቹ መርሳትም አለ። አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ፊደል የያዘ ልጅ ሁለት ወር ተኩል መጽሐፍ ሳያይ ከከረመ፣ መስከረም ላይ ግማሹን ጥሎ ነው የሚመጣው። መምህር የሆነ ሁሉ ይህን ያውቃል። የመስከረም ትምህርት ግማሹ የሰኔን መልሶ ማስታወስ ነው። ያ በራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ በ2002 በአገራችን በተደረገው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ከሦስት አንዱ ገደማ አንዲት ቃል እንኳን ማንበብ አልቻለም።

ከዚያ የፈተናው ውጤት መጣ። የ2014 የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውጤት ሲነገር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በቀጣዩ ዓመትም አልተሻለም። ያ ቁጥር መምህሩ ላይ ወደቀ። ከዚያ በኋላ በየመንደሩ "ተማሪው ይወድቃል፣ እነሱ ክረምቱን ተኝተዋል" ተባለ። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ሰው ቢናደድ አይገርምም። ንዴቱ የሄደበት አቅጣጫ ነው የሚገርመኝ።

ገጠር ስትወርዱ ወሬው ራሱ ሌላ ነው። ገበሬው ክረምቱ ረዘመ ብሎ ሲያማ ሰምቼ አላውቅም። እንዲያውም መስከረም ላይ ቶሎ ከፈታችሁብኝ ነው የሚለው። ጤፉ ሐምሌ ላይ ይዘራል። ነሐሴና መስከረም አረም ነው። ከብቱን ማን ይጠብቅ? ልጁ። ስለዚህ ደወሉ ቢደወልም ልጆቹ ጠብ ጠብ እያሉ ከመስቀል በኋላ ነው የሚሞሉት። ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ አጨዳና ውቂያ ነው፤ ክፍሉ እንደገና ይሳሳል። ቡና አካባቢ፣ ሲዳማና ጌዴኦ ብትሄዱ፣ ቡናው የራሱ ወቅት አለው፤ ከጥቅምት ጀምሮ ለቀማው ልጁን ይወስደዋል። "ክረምቱ የተዘጋው ለእርሻ ነው" የሚባለው እንግዲህ ግማሽ እውነት ነው። ለአረሙ ይሆናል፣ ለመኸሩ አይሆንም።

ቦረናና ሶማሌ ዘንድ ደግሞ የዝናቡ ክርክር ጭራሽ አይሠራም። ዋናው ዝናባቸው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፣ ሁለተኛው መጸው ላይ። እኛ ጃንጥላ ይዘን ስንሮጥ እነሱ ዘንድ ሐምሌ ደረቅ ነው። የአዲስ አበባ ሰማይ ለመላው አገር ካላንደር ሊያወጣ አይችልም። ጀርመኖች ክፍለ አገሮቻቸው የበጋ ዕረፍታቸውን በተለያየ ጊዜ እንዲወጡ ያደርጋሉ፤ መንገድ እንዳይጨናነቅ ብለው ነው። እኛ ለዝናብና ለመኖ ብለን ብናደርገው ምን ይለናል?

ውጭ አገር ካነሳሁ አይቀር፣ ይህ ሐሜት የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እንግሊዝ ውስጥ የመምህሩ የሥራ ቀን በዓመት 195 ነው፤ ከዚያ ውስጥ 190ው ከተማሪ ጋር ነው። የበጋ ዕረፍታቸው ስድስት ሳምንት ነው። በስድስት ሳምንትም ያሟቸዋል! ኬንያ ዓመቱን በሦስት ተርም ከፍላ ዕረፍቱን ታከፋፍላለች። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ ልጅ የት እናውል ብለው ሰመር ካምፕ ሲያፈላልጉ ይከርማሉ፤ ዋጋውን ስትሰሙ የእኛን ማጠናከሪያ ታመሰግናላችሁ። ወላጅ የትም ወላጅ ነው።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። አረጋውያኑ የሚያወሩት መምህር የተከበረበት ዘመን ነበር። የሠርግ ዘፈኑን አልደግመውም፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የካቲት 1966 መምህራን ሴክተር ሪቪው የተባለውን የመንግሥት የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ ተቃውመው ሥራ ሲያቆሙ፣ ታክሲ ነጂዎችም በራሳቸው ጉዳይ የቆሙበት ቀን ነበርና ከተማው ጭር አለ። ያ ዓመት ምን ይዞ እንደመጣ ታውቃላችሁ። ከዚያ ሐምሌ 1 ቀን 1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ልብ በሉ፣ ሐምሌ 1። ክረምት! መምህሩና ተማሪው ዝናብ ውስጥ ወጥተው ጎልማሳ አስተማሩ፣ አገሪቱም በ1980 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አገኘች። መንግሥት የመምህሩን ክረምት መበደር የጀመረው ዛሬ አይደለም ለማለት ነው። ብድሩን ሲመልስ ግን አላየሁም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። ትምህርት ጠፋ ካላችሁ፣ የጠፋው ሐምሌ ላይ አይደለም። ሰኔ ላይ ነው። መስከረም ላይ ነው። ጥር ላይ ነው።

ሰኔን ተመልከቱ። ማጠቃለያ ፈተናው ያልቃል። ካርድ የሚሰጠው ግን ወሩ ሲያልቅ ነው። በመካከሉ ያሉት ቀናት ምን ይሠራባቸዋል? ልጁ ይመጣል፣ ግቢ ውስጥ ይሯሯጣል፣ ይሄዳል። ከዚያ "አትምጡ" ይባላል። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ሲሆን ደግሞ ሌላው ክፍል ይዘጋል። ትምህርት ካላንደሩ ላይ አለ፣ ክፍል ውስጥ የለም።

መምህሩ ያን ጊዜ ሥራ ፈቶ አይደለም፤ ሮስተር ላይ ነው። ሮስተር ሲሠራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጠረጴዛውን የሚሸፍን ወረቀት ነው። ሥልሳ ስም በፊደል ተራ ወደ ታች፣ የትምህርት ዓይነቶቹ ወደ ጎን። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት፣ ሁለተኛው፣ አማካዩ። ከ50 በታች በቀይ። የባዮሎጂው መምህር ማርክ ሊስቱን አላመጣም፣ ይጠበቃል። የስፖርቱ መምህር አመጣ፣ ሁለት ልጅ ዘሏል። ድምር፣ አማካይ፣ ደረጃ። አንዲት ቁጥር ስትዛነፍ ደረጃው በሙሉ ይተራመሳል። አራተኛ የነበረችው ልጅ አምስተኛ ከሆነች እናቷ በማግስቱ በር ላይ ናት። ኮምፒውተር ያለው ትምህርት ቤት በኤክሴል ይገላገላል፣ የሌለው እስከ ዛሬ በማስመሪያና በካልኩሌተር ነው።

ይህንን ሥራ ተማሪው ከሄደ በኋላ፣ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ መሥራት አይቻልም ነበር? ይቻላል። መምህራን፣ አሁን ሳቁን አቁሙ፤ ይህ የእናንተ ነው። እኛ ራሳችን ነን ሐምሌ እንዳይነካብን ብለን የሰኔን የትምህርት ቀን ለወረቀት ሥራ የምንሰጠው። ሁለት ሳምንት የልጅ ትምህርት ሰጥተን አንድ ሳምንት የራሳችንን ዕረፍት እናተርፋለን። ወላጁ ይህን ባያውቅም ይሸተዋል።

መስከረም ደግሞ አለ። የመጀመሪያው ሳምንት ጽዳትና ምዝገባ። ቀጥሎ "ፕሮግራም አልወጣም"። ከዚያ መስቀል። ከዚያ መጽሐፍ አልደረሰም፤ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ሲጀመር መጽሐፍ ያልደረሰው ስንቱ ነው፣ መምህሩ በስልኩ ፒዲኤፍ እያየ ሰሌዳ ላይ ይገለብጥ ነበር። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ገና፣ ጥር ላይ ጥምቀት፣ የመንፈቀ ዓመት ፈተና፣ እንደገና ሮስተር፣ እንደገና ዕረፍት። በዚህ ሁሉ መሐል ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ "አስቸኳይ ስብሰባ ስላለ መምህራን አዳራሽ ይግቡ" ይባላል። ልጆቹ ወደ ቤት። ይህ ስብሰባ ሐምሌ ላይ ቢሆን ምን ነበረበት? ሐምሌ ላይ ግን ሰብሳቢው ራሱ ፈቃድ ላይ ነው።

ስለዚህ ክረምቱ ይጠር የሚሉትን አልደግፍም። ሁለት ሳምንት ከሐምሌ ብትቆርጡ፣ ሁለት ሳምንት ወደ ሮስተርና ወደ ስብሰባ ይፈሳል እንጂ ወደ ልጁ አይደርስም። መጀመሪያ ያለውን ቀዳዳ እንድፈነው። የሰኔን የመጨረሻ ቀኖች በትምህርት እንሙላ፤ ደካማ ልጆች የሚደገፉበት ይሁን። ሮስተሩ ወደ ሐምሌ ይሂድ። ክረምት ላይ ሥልጠና ካለ መምህሩ በሚያዝያ ይወቀው፣ ነሐሴ ሊገባ ሲል በቴሌግራም አይጠራ። ሥልጠናው ሥራ ተብሎ ይቆጠር፣ ሥራ ነውና። ከዚያ የቀረው ቀን የመምህሩ ነው፤ ቢተኛበትም የራሱ ጉዳይ ነው። ሥልሳ ልጅ ፊት ዓመቱን ሙሉ የቆመ ሰው ቢተኛ ምን አለበት?

የግል ትምህርት ቤት ልጅ ያላችሁ ወላጆች ደግሞ፣ ክፍያ ስትጠየቁ አንድ ነገር ጠይቁልኝ። "የልጄ መምህር ሐምሌ ላይ ደመወዝ ያገኛል?" በሉ። እናንተ ስትጠይቁ እኛ ከምንጠይቀው ይልቅ ይሰማል።

ንግግሬ እዚህ ላይ አለቀ። ጥያቄዎች ተነሱ፣ ሁለቱን ላካፍላችሁ።

አንድ አባት "ታዲያ ክረምቱ አንድ ወር ብቻ ቢሆን ምን ችግር አለው? ልጅ ዝናብ አይፈራም" አሉ። ልጁ አይፈራም አልኳቸው። ቆርቆሮው ነው የሚያስቸግረው። ኮርኒስ የሌለው ክፍል ውስጥ የነሐሴ ዝናብ ሲወርድ መምህሩ አጠገቡ ያለው ልጅ እንኳን አይሰማውም። እኔ ራሴ ዝናቡ እስኪያባራ ጠመኔ ይዤ ቆሜ አውቃለሁ፤ ልጆቹ ከሚያፈሰው ጣራ ሥር ዴስካቸውን እየጎተቱ። ሁሉም ትምህርት ቤት የዚህ ግቢ ዓይነት ሕንፃ የለውም። ኮርኒሱንና መንገዱን ሠርተን ብንነጋገር ሐሳቡን ላጤነው እችላለሁ። እሳቸው ብዙም አልተዋጠላቸውም።

አንዲት እናት ደግሞ "እሺ፣ ይሄ ሁሉ ገባኝ። እኔ ግን ልጄን ሐምሌ ላይ የት ላድርገው?" አለች። ከምሽቱ ጥያቄዎች ሁሉ ትክክለኛው ይህ ነበር። ቢያንስ የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይከፈት አልኩ። ርእሰ መምህሯ ብድግ ብለው ቁልፉ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ጋር ነው፣ እሷም የአስተዳደር ሠራተኛ ስለሆነች የዓመት ፈቃዷን የምትወስደው ሐምሌ ላይ ነው አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ከዚያ የወመተህ፣ የወላጅ መምህር ተማሪ ኅብረት ማለት ነው፣ ሰብሳቢው ወረቀት አዞሩ። ማክሰኞና ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት እስከ ስድስት ሰዓት፣ ሁለት ሁለት ወላጅ በተራ፣ ቁልፉን ፈርሞ መረከብ። ከመምህራኑም የተመዘገቡ አሉ፤ ክረምት ኮርስ የማይሄዱት። የነሐሴ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ገና ሰው አልተገኘም፣ የምትችሉ ካላችሁ ርእሰ መምህሯ ቢሮ ተመዝገቡ።